ከቫይኪንግ መሪዎች ዛሬም የሚታይ ሥራ የተወው ማን ነው?

ጠያቂው (ክሩን የከፈቱ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከስካንዲኔቪያ በመርከብ እየወጡ አውሮፓን ይዘርፉ ስለ ነበሩት ስለ ቫይኪንጎች የተሠራ አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ባለፈው ክረምት ተከታትዬ ከጨረስሁ በኋላ፣ ያየሁትን ከታሪክ መጻሕፍት ጋር ላመሳክር ስነሣ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። በድራማው ከዳር እስከ ዳር የገነነው ራግናር ሎድብሮክ በመጻሕፍቱ ውስጥ በጥርጣሬ የሚነሣ ስም ሆኖ አገኘሁት፤ በድራማው እምብዛም ቦታ ያልተሰጣቸው ሰዎች ግን በመጻሕፍቱ ምዕራፍ ምዕራፍ ተይዞላቸዋል። ስለዚህ ጥያቄዬን እንዲህ አቀርባለሁ፦ በ793 የእንግሊዙ የሊንዲስፋርን ገዳም ከተዘረፈበት ጊዜ አንሥቶ የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ በ1066 በእንግሊዝ ምድር ተዋግቶ እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ ከተነሡት መሪዎች መካከል፣ ዛሬም ልንጠቁመው የምንችለውን ሥራ፣ ማለትም መንግሥት፣ ሕግ፣ ወሰን፣ ከተማ ወይም ሥርወ መንግሥት የተወው የትኛው ነው? ዘመናቱ ከእኛ አቆጣጠር ጋር እንዳይምታቱ ሁሉንም በአውሮፓውያን ብንጽፋቸው መልካም ነው።

የእኔ ምርጫ ክኑት ነው። በ1016 የእንግሊዝን ዙፋን ያዘ፤ ወንድሙ ሲሞት ዴንማርክን ወረሰ፤ በ1028 ደግሞ ኖርዌይን ጨመረ። በሰሜን ባሕር ዙሪያ ያሉትን ሦስት መንግሥታት በአንድ ራስ ላይ የሰበሰበ ሌላ የቫይኪንግ መሪ አላውቅም። የሚቃወመኝ ካለ በደስታ አነብባለሁ።

ብራና

ጠያቂውን ያደናገራቸው ነገር ብዙ አንባቢን ያደናገረ ስለሆነ ከራግናር ብጀምር አይከፋም። በ845 ሬጊንሄሪ የተባለ አለቃ 120 ያህል መርከቦች አስከትሎ የሴንን ወንዝ ሽቅብ ቀዝፎ ፓሪስን እንደ ዘረፈ፣ ንጉሥ ቻርልስ ራሰ በራውም 7,000 ሊብራ (የጊዜው የክብደት መለኪያ) ብርና ወርቅ ከፍሎ እንዳሰናበተው የጊዜው የፍራንኮች፣ ማለትም የዛሬዋ ፈረንሳይ ገዢዎች፣ መነኮሳት ጽፈዋል። የራግናር ተረት ከዚህ ሰው ሳይነሣ አልቀረም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሬጊንሄሪ ከዘመቻው በኋላ ብዙም ሳይቆይ መሞቱን እዚያው የፍራንኮች ዜና መዋዕል ላይ እናገኛለን። ሳጋ የሚባሉት የአይስላንድ ትረካዎች ደግሞ ራግናርን የሚገድሉት በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የኖርዘምብሪያ ንጉሥ ኤላ እባብ በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ አስጥሎት ነው፤ ኤላ ዙፋን ላይ የተቀመጠው ግን በ860ዎቹ ነው። በ845 ገደማ የተቀበረ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ አገር ጉድጓድ ውስጥ ሊጣል አይችልም። ትረካው በጽሑፍ የሰፈረው በ13ኛው ምዕተ ዓመት መሆኑን ስንጨምርበት፣ የብዙ ሰዎች ገድል በአንድ ስም ላይ እንደ ተደረበ መገመት አያዳግትም።

ልጆቹ ናቸው የተባሉት ሰዎች ግን በእርግጥ የነበሩ ናቸው። በ865 እንግሊዞቹ «ታላቁ የአረማውያን ጦር» ያሉት ሠራዊት በምሥራቅ አንግሊያ ወረደ፤ በ866 ዮርክን ያዘ፤ በማግሥቱ ዓመት ኤላን ገደለ፤ በ869 ደግሞ የምሥራቅ አንግሊያውን ንጉሥ ኤድመንድን ገደለ። ከመሪዎቹ መካከል ኢቫር፣ ኡባና ሃልፍዳን በስም ይታወቃሉ። እኔ ለጥያቄው የማቀርበው መልስ ከሦስቱ እጅግ የተረሳው ሃልፍዳን ነው። ምክንያቴ የጥንቶቹ እንግሊዞች በጻፉት በአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል የ876 ዓመት መዝገብ ላይ ያለች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ በዚያ ዓመት ሃልፍዳን የኖርዘምብሪያን መሬት ለሰዎቹ አከፋፈለ፣ እነርሱም ያርሱና ራሳቸውን ይችሉ ጀመር ትላለች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰማንያ ዓመታት ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጻፈው መጡ፣ አቃጠሉ፣ ግብር ተቀበሉ፣ ሄዱ የሚል ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞፈርና ቀንበር ይዘው እናያቸዋለን።

ውጤቱ በካርታ ላይ ይነበባል። ዊትቢና ደርቢን የመሳሰሉ «ቢ» በሚል ድምፅ የሚያበቁ የሰሜንና የምሥራቅ እንግሊዝ ስሞች ከእነዚህ ሰፋሪዎች የመጡ ናቸው፤ ቃሉ በቋንቋቸው የእርሻ ሰፈርን ወይም መንደርን የሚያመለክት ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ ሕግን፣ መስኮትን፣ እንቁላልን፣ ቢላዋን፣ እንዲያውም «እነርሱ» የምንለውን ተውላጠ ስም የሚጠራባቸው ቃላት ከእነዚሁ ገበሬዎች አፍ የተወረሱ ናቸው። አንድ ሕዝብ የዕቃ ስም መዋሱ የተለመደ ነው፤ ተውላጠ ስም የሚዋሰው ግን ጎረቤቱ ባልና ሚስት፣ ገበያተኛና አማች ሲሆንበት ነው።

ባሕር ማዶ

ብራና ስለ ራግናር የጻፉትን ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ፤ ስለ ሃልፍዳን ግን አልስማማም። መሬቱን ባካፈለ በዓመቱ፣ በ877፣ አየርላንድ ውስጥ እንደ ተገደለ ይታመናል፤ በዮርክ የተተከለውም መንግሥት ኤሪክ ባለ ደም መጥረቢያው በ954 ከተባረረ በኋላ አልቆመም። የቋንቋው ለውጥም ቢሆን የአንድ መሪ ሥራ ሳይሆን ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ሺህ ሰዎች ኑሮ ውጤት ነው። ስለ መሪዎች ከሆነ የምንነጋገረው መልሱ ሮሎ ነው።

ሮሎ የዴንማርክ ሰው ይሁን የኖርዌይ ሁለቱ አገሮች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በ911 ሻርትር በተባለችው ከተማ አጠገብ ድል ሆኖ ሳለ፣ የፍራንኮቹ ንጉሥ ቻርልስ የዋሁ ጨርሶ ሊያጠፋው እንደማይችል ስላወቀ፣ አገር የሚያምስ ሽፍታ ያስቸገረው ንጉሥ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ በሴን ወንዝ አፍ ያለውን አገር ከሩዋን ከተማ ጋር ሰጠው፣ በምላሹም ክርስትና እንዲነሣና ሌሎች ቫይኪንጎች በዚያ በር እንዳይገቡ እንዲጠብቅ አደረገው። ስምምነቱ የተደረገው ሴንት ክሌር ሱር ኤፕት በተባለ ስፍራ ነው። የውሉ ጽሑፍ አልተረፈም፤ ነገር ግን ንጉሡ ራሱ በ918 ባወጣው ሌላ ደብዳቤ ላይ ለመንግሥቱ ጥበቃ ሲባል ለሮሎና ለባልደረቦቹ መሬት መሰጠቱ ተጠቅሷል።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ለሮሎ ዘሮች ታሪክ የጻፈው ዱዶ የተባለ ካህን እንደሚተርከው፣ ሮሎ የንጉሡን እግር እንዲስም ሲጠየቅ አሻፈረኝ ብሎ ከጭፍሮቹ አንዱን አዘዘ፤ ያም ሰው ጎንበስ በማለት ፈንታ የንጉሡን እግር ወደ አፉ አንሥቶ ንጉሡን በጀርባው ዘረረው። ታሪኩ ለጌቶች ማስደሰቻ የተሰናዳ ይመስላል፣ ቢሆንም የሮሎ የልጅ ልጆች ስለ አባታቸው ምን መስማት ይወዱ እንደ ነበር በደንብ ያሳያል።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የተሰጠው አገር የሰሜን ሰዎች አገር፣ ኖርማንዲ፣ ተባለ፤ ስሙም ሺህ ዓመት አልፎት እስካሁን የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ስም ነው። በ1066 እንግሊዝን የያዘው ዊልያም ድል አድራጊው ከሮሎ አምስተኛው ትውልድ ነው። ከዚያው ኖርማንዲ የወጡ ሌሎች ባላባቶች ደግሞ በደቡብ ኢጣሊያ ሰፍረው፣ በ1130 ሮጀር ሁለተኛ የሲሲሊ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ እስኪጭን ደረሱ። ከአንድ የዘራፊ አለቃ ሹመት ይህን ያህል ነገር የወጣበት ሌላ ምሳሌ ማን ያቀርባል?

ጠያቂው

ባሕር ማዶ ጥሩ ተከራክረዋል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያው ዱዶ እንደሚለው የሮሎ ልጅ ዊልያም፣ ልጁን ሪቻርድን የአያቶቹን ቋንቋ እንዲማር ወደ ባዩ ከተማ የላከው በሩዋን ፈረንሳይኛ ይበልጥ ይነገር ስለ ነበር ነው። በሁለት ትውልድ ውስጥ ቋንቋውን የጣለ፣ ሃይማኖቱን የለወጠ፣ ከመርከብ ወርዶ ፈረስ ላይ የወጣ ወገን የቫይኪንግ ቅርስ ነው ማለት እንችላለን? ክኑት ግን እስከ መጨረሻው የሰሜን ባሕር ንጉሥ ነበር።

ወለላ

ጠያቂው ክኑትን በመምረጣቸው ደስ ብሎኛል፤ ክኑት ራሱ ግን ያቀረቡለትን ምስጋና ሁሉ የሚሸከም አይመስለኝም።

ሰውየውን ከመነሻው እንየው። አባቱ ስቬን ባለ መንታ ጢሙ በ1013 እንግሊዝን ድል አድርጎ በ1014 መጀመሪያ ላይ ሲሞት፣ እንግሊዞቹ ስደተኛውን ንጉሣቸውን ኤቴልሬድን መልሰው ወጣቱን ክኑትን አባረሩት። እርሱም ሲሸሽ ሳንድዊች ወደብ ላይ ቆመና ለአባቱ በመያዣነት የተሰጡትን ሰዎች እጃቸውን፣ ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን አስቆርጦ ወደ ምድር አወረዳቸው። በ1015 ተመልሶ መጣ፤ በጥቅምት 1016 አሳንዱን በተባለ ስፍራ የኤቴልሬድን ልጅ ኤድመንድን ድል ነሣ፤ አገሩን ለሁለት ተካፍለው ሳለ ኤድመንድ በኅዳር መጨረሻ ሞተለት። በ1018 ሠራዊቱን ለማሰናበት ከእንግሊዝ ሕዝብ 72,000 ፓውንድ ሰበሰበ፤ ለንደን ብቻዋን ደግሞ 10,500 ፓውንድ ከፈለች። ይህን የመሰለ ግብር ከዚያ በፊት ተሰብስቦ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ነው የሚያስደንቀው። በዚያው ዓመት እንግሊዞችና ዴኖች (የዴንማርክ ሰዎች) ኦክስፎርድ ላይ ተሰብስበው በቀድሞው ንጉሥ በኤድጋር ሕግ ለመተዳደር ተስማሙ፤ ሕጉንም ያረቀቀለት ስለ ቫይኪንጎች ግፍ እየጮኸ ሲሰብክ የኖረው የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን ነው። በ1027 ክኑት ሮም ድረስ ሄዶ በንጉሠ ነገሥት ኮንራድ የዘውድ በዓል ላይ ተገኘ፤ ከዚያም ለእንግሊዝ ሕዝብ በጻፈው ደብዳቤ ለነጋዴዎችና ለተሳላሚዎች የመንገድ ቀረጥ እንዲቀነስ ከነገሥታቱ ጋር መስማማቱን አበሠረ። ገዳም የሚያቃጥሉ ሰዎች ልጅ ለተሳላሚ ቀረጥ ሲከራከር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ የባሕሩ ታሪክ ሁልጊዜ ተገልብጦ ነው የሚነገረው። ክኑት በዙፋን ተቀምጦ ማዕበሉን «ተመለስ» ብሎ ያዘዘ ትዕቢተኛ ተደርጎ ይወሳል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ታሪኩን የጻፈው ሄንሪ ዘሃንቲንግደን ግን ንጉሡ ይህን ያደረገው የምድር ነገሥታት ሥልጣን ከንቱ መሆኑን ለማሳየት እንደ ሆነ ነው የሚተርከው።

ነገር ግን ጥያቄው ስለ ቀሪ ሥራ ነው። ክኑት በኅዳር 1035 ሲሞት ኖርዌይ ከእጁ ወጥታ ነበር፤ ልጁ ሃርዳክኑት በ1042 በሰው ሠርግ ላይ እየጠጣ ሳለ ወድቆ ሲሞት ደግሞ የእንግሊዝ ዙፋን ወደ ኤቴልሬድ ልጅ ወደ ኤድዋርድ ተመለሰ። ሰባት ዓመት ብቻ! ሕጉ የኤድጋር ነበር፤ ግብር ሰብሳቢውም፣ የገንዘብ ማተሚያውም ከእርሱ በፊት የነበረው ነው። የራሱ ፈጠራ የምለው ጎድዊንን ከዝቅተኛ ቦታ አንሥቶ ታላቅ መስፍን ማድረጉን ነው፤ በ1066 በሄስቲንግስ የወደቀው ንጉሥ ሃሮልድ የዚህ የጎድዊን ልጅ ነው።

የማልሞው

እኔ የምኖረው በስዊድን ነው፤ ባለፈው ዓመት ከልጆቼ ጋር ድልድዩን ተሻግረን ዴንማርክ ውስጥ ዬሊንግ የተባለችውን ትንሽ ከተማ ጎብኝተን ነበርና ያየሁትን ላካፍላችሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በሁለት ታላላቅ የአፈር ጉብታዎች መካከል፣ ከ2011 ጀምሮ ዝናብና ውርጭ እንዳይጎዳው በመስታወት የተከለለ ድንጋይ ቆሟል። ሩን በሚባለው የጥንት ሰሜናውያን ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ንጉሥ ሃራልድ ይህን መታሰቢያ ለአባቱ ለጎርምና ለእናቱ ለቲራ እንዳሠራ፣ እርሱም ዴንማርክን ሁሉና ኖርዌይን ለራሱ ያደረገና ዴኖችን ክርስቲያን ያደረገ ሃራልድ እንደ ሆነ ይናገራል። በአንደኛው ገጽ ክርስቶስ እጆቹን ዘርግቶ በሐረግ ተጠምጥሞ ይታያል። ድንጋዩ በ965 ገደማ እንደ ቆመ ይነገራል።

ወለላ ስለ ክኑት የጻፉትን ሳነብ ይህ ሃራልድ የክኑት አያት መሆኑ ትዝ አለኝ። እስካሁን ከተነሡት መሪዎች አብዛኞቹ የሚታወቁት ጠላቶቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው ቅጥረኞች በጻፉት ነው፤ ሃራልድ ግን ስለ ራሱ ራሱ ጽፏል። ሥራውም ቆሟል። በ980 ገደማ በትዕዛዙ እንደ ተሠሩ የሚታመኑት ክብ ምሽጎች በኮምፓስ የተለኩ ያህል ትክክል ናቸው፤ ትልቁ አገርስቦርግ 240 ሜትር ስፋት አለው። ራቭኒንግ በተባለው ረግረግ ላይ ያዘረጋው የእንጨት ድልድይ ደግሞ 760 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ይህን ሁሉ የሚያሠራ ሰው እንጨት የሚያስቆርጥ፣ ጉልበት የሚሰበስብ፣ ስንቅ የሚያደርስ መንግሥት ነበረው ማለት ነው፤ ዴንማርክ የምትባለው አገር ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስሟም ዘውዷም አልጠፋም። የድንጋዩ የክርስቶስ ምስል ዛሬ በዴንማርክ ፓስፖርት ውስጥ ታትሟል።

መጨረሻው ግን አላማረም፤ ልጁ ስቬን ባለ መንታ ጢሙ አምፆበት በስደት ሞተ።

ልጆቼን ያስደነቃቸው ሌላ ነገር ነው። የሃራልድ ቅጽል ስም «ሰማያዊ ጥርስ»፣ በእንግሊዝኛ ብሉቱዝ ነው። በ1990ዎቹ ስልክንና ኮምፒውተርን ያለ ሽቦ የሚያገናኘው ቴክኖሎጂ ሲሠራ፣ የኢንቴል መሐንዲስ ጂም ካርዳክ የተከፋፈሉትን ያገናኘ ንጉሥ ስም ለጊዜው እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ፤ ጊዜያዊው ስም በዚያው ቀረ። ምልክቱም የሃራልድ ስምና ቅጽል ስም የሚጀምሩባቸው ሁለት የሩን ፊደላት ተጣምረው የተሠራ ነው። ልጄ የጆሮ ማዳመጫውን አውጥቶ ከድንጋዩ አጠገብ ይዞ ፎቶ እንዳነሣው ለመነኝ።

ዳኛው

ክሩን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ፤ ሁሉም የጻፈው ትምህርት የሚሰጥ ነው። ነገር ግን መሬት፣ ዘውድ፣ ምሽግና ድልድይ ስንቆጥር አንድ ትልቅ ሥራቸው ሳይነሣ ቀረ፤ እነዚህ አለቆች በመጀመሪያ ደረጃ ባሪያ ፈንጋዮች ነበሩ። የአየርላንድ መነኮሳት በ821 መዝገባቸው ላይ አረማውያኑ ሃውዝ ከተባለው ስፍራ ብዙ ሴቶችን ማርከው እንደ ወሰዱ ጽፈዋል። ደብሊን በ841 የመርከብ ምሽግ ሆና ተመሠረተች፤ ከጊዜ በኋላም ከሰሜን አውሮፓ ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ሆነች። ብራና ከጠቀሷቸው አለቆች አንዱ ኢቫር፣ በ870 ከባልደረባው ከኦላፍ ጋር በስኮትላንድ ዳምባርተን ዓለት ላይ ያለውን ምሽግ ለአራት ወራት ከብቦ ካስራበ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት እንግሊዞችን፣ ብሪታኖችንና ፒክቶችን (የጥንት የስኮትላንድ ነዋሪዎችን) በሁለት መቶ መርከብ ጭኖ ወደ ደብሊን ተመለሰ።

የዛሬዎቹን አይስላንዳውያን ዘር የመረመሩ ሊቃውንት ያገኙት ነገር ይህን ያጠናክራል። በአባት ወገን ሲቆጠር አብዛኛው ሕዝብ ከስካንዲኔቪያ የመጣ ሲሆን፣ በእናት ወገን ሲቆጠር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው። ከእነዚያ እናቶች መካከል በፈቃዳቸው የሄዱ፣ አግብተው የሄዱም ይኖራሉ፤ ታስረው የተጫኑት ግን ጥቂት እንዳልሆኑ ሳጋዎቹ ራሳቸው አይደብቁም።

የዚህ ንግድ ዋጋ የት እንደ ደረሰም ይታወቃል። በ1999 በስዊድኗ የጎትላንድ ደሴት፣ ስፒሊንግስ በተባለ እርሻ ላይ 67 ኪሎ ብር ተቆፍሮ ወጣ፤ ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች ያሉበት ሲሆን አብዛኞቹ በዐረብኛ ጽሑፍ የታተሙ የእስልምናው ዓለም ዲርሃሞች ናቸው። ብሩ ሰሜን የደረሰው በእንስሳት ጸጉራም ቆዳ፣ በሰምና በሰው ተለውጦ ነው።

ብራና

ዳኛው የገሠጹኝ በትክክል ነው። ሞፈርና ቀንበሩን ሳወድስ ከሞፈሩ በስተጀርባ የማን እጅ እንደ ነበር አልጠየቅሁም።

ያነሡት ብር ግን ወደ ምሥራቅ ይወስደናል፤ ስለዚያ በአጭሩ ልጨምር። የሩስ (የዛሬዎቹ የሩሲያና የዩክሬን ጥንታዊ መንግሥት) ዜና መዋዕል እንደሚለው በ862 ሩሪክ የተባለ አለቃ ተጠርቶ ኖቭጎሮድን ገዛ፤ ተከታዩ ኦሌግ በ882 ኪየቭን ያዘ። ዜና መዋዕሉ የተጠናቀረው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ስለ ሆነ ሩሪክም ከራግናር ጋር የሚመሳሰል ዕጣ አለው። ነገር ግን በ911 ከቁስጥንጥንያ ጋር በተደረገው የንግድ ውል ላይ የሩስ መልእክተኞች ስም ሲዘረዘር ካርል፣ ኢንጌልድ፣ ፋርሎፍ እያለ ይሄዳል፤ ይህ የሰሜን ሰዎች ስም እንጂ የአገሬው የስላቭ ሕዝብ ስም አይደለም። የሩሪክ ዘር ነን የሚሉ መሳፍንት በሞስኮ ዙፋን ላይ እስከ 1598 ቆይተዋል፤ በዕድሜ ብቻ ከለካን ከሮሎም ከክኑትም ቤት የሚበልጥ ነው። እኔ ሃልፍዳንን አንሥቻለሁና አልቀይርም፤ ባሕር ማዶ ግን ይህን እንዴት እንደሚመልሱት ማየት እፈልጋለሁ።

አዲስ አባል

ሌፍ ኤሪክሰን እንዴት ተረሳ? ከኮሎምቦስ አምስት መቶ ዓመት ቀድሞ አሜሪካ የደረሰ ሰው ነው።

ባሕር ማዶ

ለአዲሱ አባል፦ እንኳን ደህና መጡ። ሌፍ አልተረሳም፤ ወደዚህ ክር ለመግባት የሚያስችለው ቀሪ ሥራ ስለሌለው ነው። አባቱ ኤሪክ ቀዩ በ985 ገደማ ከአይስላንድ 25 መርከቦች ይዞ ተነሥቶ 14ቱ ብቻ ግሪንላንድ ደረሱ፤ ያ ሰፈር አራት መቶ ዓመት ኖሮ ጠፋ። ልጁ ቪንላንድ ስላላት ምድር ሳጋዎቹ ሲተርኩ ብዙዎች ተረት አድርገውት ነበር፤ በ1960 ኖርዌያውያኑ ሄልጌና አን ስቲነ ኢንግስታድ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ጫፍ ላይ የቤቶቹን መሠረት አገኙ። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ እዚያ በብረት መሣሪያ የተቆረጡ እንጨቶችን መርምሮ ዛፎቹ የተቆረጡት ልክ በ1021 እንደ ሆነ አረጋገጠ። ድንቅ ጉዞ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተመለሱ፣ በሩም ተዘጋ።

ለብራና፦ የሩሪክ ቤት ረጅም ዕድሜ እንደ ነበረው አልክድም። ሩሪክ ራሱ የሠራውን አንድ ነገር አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ እንከራከራለን።

ወለላ

ትናንት ስለ ክኑት የጻፍሁትን ስመለስበት አንድ ሰው መዝለሌን አየሁ፤ እርሷም ኤማ ናት። ክሩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በእርሷ በኩል ይገናኛሉ።

ኤማ የሮሎ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ባሕር ማዶ የጠቀሱት ሮሎ ዊልያምን ወለደ፣ ዊልያም ያን ቋንቋ ሊማር የተላከውን ሪቻርድን ወለደ፣ ሪቻርድ ኤማን ወለደ። በ1002 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤቴልሬድ ተዳረች፤ ጋብቻው የተፈለገው ቫይኪንጎች የዘረፉትን ይዘው በኖርማንዲ ወደቦች እንዳይጠለሉ ለማድረግ ነው ይባላል። ኤቴልሬድ ከሞተ በኋላ በ1017 ድል አድራጊውን ክኑትን አገባች። ከመጀመሪያው ባሏ ኤድዋርድን፣ ከሁለተኛው ሃርዳክኑትን ወለደች፤ ሁለቱም በእንግሊዝ ነገሡ። ክኑትና ኤማ በዊንችስተር መሠዊያ ላይ የወርቅ መስቀል ሲያኖሩ የሚያሳይ የዘመኑ ሥዕል አለ፤ በሥዕሉ ላይ ኤማ የቆመችው በክብሩ ቀኝ በኩል፣ ከክርስቶስ ቀኝ፣ ከእመቤታችን በታች ነው።

ባሎቿ ሲሞቱም ዝም አላለችም፤ የክኑትን ቤት የሚያወድስ፣ የመጀመሪያ ባሏን ግን አንድ ጊዜም በስም የማያነሣ የታሪክ መጽሐፍ አስጽፋለች። ዊልያም ድል አድራጊው በ1066 ዙፋኑ ይገባኛል ሲል ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ከኤድዋርድ ጋር ያለው ዝምድና ነው፤ ያ ዝምድና ደግሞ በኤማ በኩል የመጣ ነው፤ የአያቱ እኅት ናትና። ስለዚህ የባሕር ማዶ ሮሎም ሆነ የጠያቂው ክኑት እንግሊዝ ላይ የተዉት አሻራ ያለ እርሷ አይቆምም።

ባሕር ማዶ

ወለላ እንዲህ ሲያስቀምጡት የምመልሰው የለኝም። ሮሎን ስመርጥ የቆጠርሁት በወንዶቹ በኩል ብቻ ነበር፤ ለእንግሊዙ ዙፋን የይገባኛል ጥያቄ በር የከፈተችው ግን ሴት ልጅ መሆኗን ልብ አላልሁትም። ስለ ኖርማንዲና ስለ ሲሲሊ የጻፍሁት ግን ይቁምልኝ።

ጠያቂው

ክሩን ስከፍት የአንድ ሰው ስም ይዤ ነበር የመጣሁት። ወለላ ዊንችስተርን ስላነሡ በድራማው ምክንያት ያነበብሁትን ላክልበት። ክኑትም ኤማም የተቀበሩት በዚያው ከተማ ነው፤ በኋላ አጥንታቸው ከሌሎች ነገሥታትና ጳጳሳት አጥንት ጋር በእንጨት ሣጥኖች ተደርጎ በካቴድራሉ ውስጥ ተቀመጠ። በ1642 በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የፓርላማው ወታደሮች ሣጥኖቹን ከፍተው አጥንቱን በተኑት፤ ከዚያ ተለቅሞ ሲመለስ የማን የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በ2019 የሣጥኖቹን ይዘት የመረመሩ ባለሙያዎች ቢያንስ የ23 ሰዎች አጥንት እንዳለበት አስታወቁ፤ ከእነዚያም መካከል አንዲት በዕድሜ የበሰለች ሴት ትገኛለች፣ ምናልባትም ኤማ ሳትሆን አትቀርም ተብሏል። አጥንቷ የተገኘው በአንድ ሣጥን ውስጥ ተሰብስቦ ሳይሆን በተለያዩ ሣጥኖች ከነገሥታቱ አጥንት ጋር ተደባልቆ ነው።